ዘጠኝ ልምምድና አንድ ዝሆን

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ተሸነፍኩ። ያውም በድንጋይ።

ዛሬ በመምህራን ክፍል ውስጥ «የዘንድሮውን ክፍት ክፍለ ጊዜ ማን ይወስዳል?» ተባለ። ከየከተማው የመጡ መምህራን ከኋላ ተደርድረው፣ መጻፊያ ሰሌዳቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ አንዷ ምስኪን ስታስተምር እያንዳንዷን ትንፋሿን የሚመዘግቡበት አርባ አምስት ደቂቃ ማለት ነው። ትምህርቱ እንግሊዝኛ፣ ያውም በጨዋታ፣ ያውም ለሦስተኛ ክፍል። ሁሉም ወለሉን ማጥናት ጀመረ። በመጨረሻ የአራተኛ ክፍሉ መምህር አይዛዋ «በቃ በጃንኬን ይለይልን» አለ። በእጅ የሚወጣ ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ፣ ወረቀት ድንጋይን ጠቅልሎ የሚያሸንፍበት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ የማወጣው ድንጋይ እንደሆነ ከእኔ በቀር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል ለካ። ስድስት ወረቀት ተዘረጋብኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ቶኩዳ «በርቱ፣ ናሩሚያ ሴንሴይ» አሉኝ፣ መምህርት ናሩሚያ ማለታቸው ነው። ቀኑ ኖቬምበር 20 ነው። ከውጭ የመጣችው የእንግሊዝኛ ረዳታችን በበጋው ዕረፍት አገሯ ገብታለች፣ ምትኳ አልመጣችም። ስለዚህ እኔና በትምህርት ቤት የተማርኩት፣ በፈተናው ማግስት የረሳሁት እንግሊዝኛዬ ብቻችንን ቀርተናል።

ግድ የለም። ማርች ላይ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ እለቃለሁ፣ ወስኛለሁ። ልቀጥል ወይም ልልቀቅ የሚለውን ወረቀት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ሞልቼ ለአቶ ቶኩዳ መስጠት ብቻ ነው የቀረኝ። ባለቤቴ ሺጌኦ ከዓሣ ጨረታው ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የእኔን መልቀቅ ሲሰማ ካርታ አውጥቶ በጸደይ የምንሄድባቸውን ሰባት ፍልውሃዎች በቀይ አከበባቸው። የምለቀው እንግሊዝኛ ፈርቼ አይደለም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

በአጭሩ፣ ቸኩያለሁ። የላጲስ ጨዋታ ሞከርኩ። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ መሃላቸው አንድ ላጲስ። እኔ የእንስሳ ስም በእንግሊዝኛ ስጠራ ይደግሙታል። «ካት» ካልኩ ግን መድገም የለም፣ ላጲሱን መንጠቅ ነው።

ሃያ ሁለት ልጆች፣ አሥራ አንድ ላጲስ። አንደኛው በመስኮት ወጣ። ጌንታ አፍንጫውን ተመታ፣ ግን ላጲሱ እጁ ገብቷልና ማልቀሱን ትቶ ጨፈረ። ካንና «ሴንሴይ፣ ደግመን! ደግመን!» ትላለች። አባቷ የሸርጣን ጀልባ ካፒቴን ነው፣ እሷም ስታወራ ባሕር መሃል ላለ ሰው የምትጣራ ነው የምትመስለው። ኮቶኔ እንኳ፣ አንገቷን ሳትደፋ የማትናገረዋ ኮቶኔ፣ የጌንታን እጅ ቧጨረች። አይዛዋ ከጎን ካለው ክፍል ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ደበደበ።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስጠይቀው ግን ሳቄ አመለጠኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

እሑዴን ሙሉ ለሥራ ሰዋሁ። ጨዋታዎቹን አስቀድሜ መሞከር ስላለብኝ ሺጌኦን በዝቅተኛው ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩትና በላጲስ ፈንታ መሃላችን መንደሪን አኖርኩ።

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

«ልጅ ብትሆንማ ጥሩ ነበር። ልጅ አያጭበረብርም።»

እጁን መንደሪኑ ላይ አንዣቦ ነው የሚጠብቀው። አንሳ ስለው «ደንቡ ላይ አልተጻፈም» ይላል። ሰባት ለሁለት አሸነፈኝ፣ ከዚያም የተሸነፍኩባቸውን መንደሪኖች በሙሉ ፊቴ እየላጠ በላ። ቀና ስል ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎናል፣ ምሳም አልበላንም። ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ሰው አያውቅም።

ካርድ እንሥራ ብዬው እሱም አንድ ሣለ። ወደባችን ላይ በገመድ ተሰቅሎ የሚደርቀውን ኢካ የተባለ የባሕር እንስሳ ነው፣ ለስላሳውን፣ ባለ ብዙ እግሩን። ፂም ሰጥቶታል። ለምን ብለው «አጎቴን ስለሚመስል» አለ።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ባለ ስምንት እግሩን እንስሳ ካርድ ሳነሳ እኔ ሳልነግረው «ኦክቶፐስ» አለ። ከየት አመጣኸው ስለው ከቴሌቪዥን ነው አለኝ። ኩሽና ያለው ሬዲዮም ተበላሽቷል መሰለኝ። ማታ የባሕር አየር ትንበያ ላይ ትቼው ጠዋት ስከፍተው ሌላ ጣቢያ ላይ ነው የማገኘው። ለጥገና መስጠት አለብኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆሜ ዝሆን አባዛ ነበር። አቶ ቶኩዳ ከመጋረጃው ጀርባ ስልክ ያወራሉ።

«አዎ፣ ናሩሚያ ናቸው የሚሠሩት... እንግሊዝኛቸውማ፣ እንግዲህ... አይ፣ ማርች ላይ ስለሚወጡ ቢበላሽም ምንም አይደለም።»

ምንም አይደለም። እውነታቸውን ነው። እኔም ራሴ እንደዚያ ብያለሁ።

ሦስት ዝሆን ነበር የሚያስፈልገኝ። ስነቃ አርባ ዝሆን አባዝቻለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ወንበሮቹን በክብ ደረደርን፣ ከሰዉ በአንድ አሳንሰን። መሃል የቆመው የፍራፍሬ ስም በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ ያ ፍሬ የደረሳቸው ሁሉ ተነስተው ወንበር ይቀያየራሉ፣ ወንበር ያጣ መሃል ይቆማል። እኔ ወይን ነበርኩ። ወይን ተጠራ። ያየሁት ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነበር፣ ጌንታም ያየው እሱኑ ነው።

«ሴንሴይ ገፉኝ!»

ገፍቼዋለሁ፣ እውነቱን ነው። አንዲት የሠላሳ አራት ዓመት ልምድ ያላት መምህርት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገፍታ ወንበር ቀማች። ማታ ለእናቱ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። «እቤት ሲገባ ሴንሴይን በሚቀጥለው አሳያቸዋለሁ እያለ ነው» ብላ ሳቀች።

ጉልበቴ? እ፣ ያመኛል። ዛሬ ረስቼው ነው እንጂ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ዕቅዴን አቶ ቶኩዳ ለሦስተኛ ጊዜ በቀይ ቀለም አጥለቅልቀው መለሱልኝ። ዋናው ጨዋታ እንዲህ ነው፦ የእንስሳ ሥዕል በጥቁር ወረቀት ይሸፈናል፣ ጥቁሩ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፣ ልጆቹ በቀዳዳዋ ያዩትን አይተው ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይገምታሉ። ደስ አይልም?

ችግሩ ከዕቅዱ በስተቀኝ ያለው ዓምድ ነው፣ «የሚጠበቅ የልጆች ምላሽ» የሚለው። «ልጆቹ በደስታ ይገምታሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። አቶ ቶኩዳ አሰመሩበት።

«ይሄ በጣም ልል ነው፣ ናሩሚያ ሴንሴይ። ማን ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቶኩዳ ሴንሴይ? ገና አልተናገሩም እኮ።»

«መተንበይ ነው የመምህር ሥራ።»

እሺ ብዬ ተነበይኩ። «መጀመሪያ አንድ ልጅ ‹ካት› ይላል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ ‹ራቢት› ትላለች። ሦስተኛዋ ‹ኦክቶፐስ› ብላ ታገኘዋለች። ሁሉም ያጨበጭባሉ።» አቶ ቶኩዳ ማኅተማቸውን አሳረፉበት። ዕቅዱም ታትሞ ለሠላሳ አራት እንግዶች ይላካል።

እና ባይሉስ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ልምምድ አላደረግንም። ለክፍት ክፍለ ጊዜ ልጆችን ማለማመድ ነውር ነው፣ የማያውቅ የለም። እንግዶቹ የሚመጡት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስቡ ለማየት ነው። እኔ ያየሁት ወንበሮቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ደግሞ ሰው ስለሚቀመጥ ልጆቹ ነበሩ። ልጆቹ ካሉ ካርዱን አንዴ አሳየኋቸው። ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ይሄም ልምምድ አይደለም፣ ማሞቂያ ነው። ሦስተኛው ማሞቂያ።

ጌንታ «ካት?» ይላል። ኮቶኔ «ራቢት?» ትላለች፣ እንድትናገር የመረጥኳት ድፍረት እንዲሰጣት ብዬ ነው። ካንና ኦክቶፐሱን ታገኛለች። እኔ ጥቁሩን እገፍፋለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ዘልዬ ኖሮ ካንና እጇን አወጣች።

«ሴንሴይ፣ እዚህ ጋ እርስዎ ‹ወይኔ!› ብለው ይደነግጣሉ።»

«ደንግጫለሁ እኮ።»

«አይ፣ ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

አምስተኛ። ወይም ስድስተኛ፣ አጭሯ ከተቆጠረች። ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ በደረጃው ላይ «ካት? ራቢት? ኦክቶፐስ!» እያሉ ይዘፍኑታል። ዜማ አውጥተውለታል። አይዛዋ «ደስ የሚል መዝሙር ነው፣ ከየት የመጣ ነው?» አለኝ። ጥርሴን አሳየሁትና አመለጥኩ።

በዕረፍት ሰዓት ግን የማይሆነውን ሆንን። ካንና በዝንብ መግደያ የካርድ መምታት ጨዋታ ገጠመችኝ። የተጠራውን ካርድ ቀድሞ የመታ ይወስዳል። እንደ እብድ ወለሉን ስንደበድብ ዝንብ መግደያዬ ተሰበረ፣ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። ከክፍት ክፍለ ጊዜው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የሸርጣን ወቅት ዛሬ ተከፈተ። ጀልባዎቹ የወጡት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ልጆቹም አባቶቻቸውን ሲሸኙ አድረው ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። ቢሆንም ሰባተኛውን አደረግን። ጌንታ ጉንጩን እጁ ላይ አስተኝቶ «ካት?» አለ። ኮቶኔ እያዛጋች «ራቢት?» አለች። ካንና ዓይኗን ሳትከፍት «ኦክቶፐስ» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ።

አንድም ስህተት አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነው! አቶ ቶኩዳ በመስኮት አይተው አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ።

ደስ ብሎኝ መሆን አለበት። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ይከነክነኛል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

አቶ ቶኩዳ ወረቀቱን ጠየቁኝ። እቤት ረሳሁት አልኩ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።

ማታ ሺጌኦም ጠየቀኝ።

«ሞላሽው?»

«ብዕር አጣሁ።»

«አስተማሪ ብዕር አጣች» አለ ለግድግዳው። ከዚያ ካርታውን ዘርግቶ ሦስተኛው ፍልውሃ ጋ ዝንጀሮዎች አብረው እንደሚታጠቡ ነገረኝ። ከአሥር ጊዜ በላይ ነግሮኛል። ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ዋልክ ብለው «መስኮቱን አየሁ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

እሱ ራሱ ካርዶቹን አውጥቶ «ነይ፣ አንድ ዙር» አለኝ። ስድስት ዙር ተጫወትን። የኢካውን ካርድ ወደ ክምሩ ከተተው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ነገ ነው። ዘጠነኛውን ዛሬ ጨረስን፣ ካርዶቹን በቅደም ተከተላቸው ከረጢት ውስጥ አስገብቻለሁ፣ መጀመሪያ ኦክቶፐስ። ከተሳካ በክብር እወጣለሁ። ካልተሳካ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ራሱ ተዘጋ፣ ወረቀቱን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሞላው። ልብሴን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ ያውም የነገውን ልብስ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ካርዶቹን እቤት ረስቼ ሄድኩ። ዕቅዱን ይዣለሁ፣ ጥቁሩን መሸፈኛ ይዣለሁ፣ ትርፍ ካልሲ ሳይቀር ይዣለሁ፣ ካርዶቹ የሉም። ለሺጌኦ ደወልኩ። «በብስክሌት አምስት ደቂቃ» አለ። ሠላሳ አራቱ እንግዶች የትምህርት ቤቱን አረንጓዴ ስሊፐር እየጎተቱ ከኋላ ሲደረደሩ፣ ደወሉ ሊደወል ሲል፣ ሺጌኦ የድሮውን የዓሣ ገበያ ጃኬት እንደለበሰ በሩ ላይ ብቅ አለ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ። ከረጢቱን ሰጠኝ። ሊወጣ ሲዞር መንገዱ በሰው ተዘግቷል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሲያፈገፍግ የኋላው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አንዲት እንግዳ ከትምህርት ቢሮ የመጣ ሰው መስሏት ዕቅዱን ሰጠችው፣ እሱም በአክብሮት ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ።

ያኔ ያላወቅኩት አንድ ነገር አለ። መግቢያው ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ከረጢቱ ተገልብጦበት ነበር። ካርዶቹን እንዳገኛቸው ለቃቅሞ ነው ያመጣልኝ።

የመጀመሪያውን ካርድ በጥቁሩ ሸፍኜ ወደ ልጆቹ አዞርኩት። እኔ ሥዕሉን አላየሁም። ለምን አያለሁ? ዘጠኝ ጊዜ መጀመሪያ የነበረው ኦክቶፐስ ነው። ለልጆቹ በቀዳዳዋ የሚታያቸው ግን ግራጫ፣ የተሸበሸበ ቆዳ ነበር። ጌንታ ዓይኑን አሻሸ። ግን ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነውና ተነስቶ «ካት?» አለ።

«ኖ!» አልኩ።

«ራቢት?» አለች ኮቶኔ በቀጭኑ።

«ኖ!»

ካንና ተነሳች። ቀዳዳዋን አየች፣ እኔን አየች፣ እንግዶቹን አየች። ከዚያ እጇን እስከ ጣሪያ ዘርግታ «ኦክቶፐስ!» ብላ አምባረቀች።

«የስ! ኦክቶፐስ!» አልኩ፣ «ወይኔ!» የሚለውንም ሳልረሳ። ፊቴን በደስታ አብርቼ ጥቁሩን ገፈፍኩት።

ዝሆን ነው።

ሃያ ሁለቱም ልጆች አጨበጨቡ። ዕቅዱ ላይ እዚህ ጋ ጭብጨባ አለ።

የአንዱ እንግዳ ብዕር ወድቆ ሲንከባለል ይሰማል። አቶ ቶኩዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ካርዱን ወደ ራሴ አዞርኩት፣ ዝሆኑ አየኝ። ያኔ ካንና፣ ትባረክና፣ ልታግዘኝ ፈለገች።

«ሴንሴይ፣ በልምምዱ ላይ ኦክቶፐስ ነበር እኮ! ዘጠኙንም ጊዜ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ግን ከኋላው ግድግዳ አንድ ሳቅ ፈነዳ። አውቀዋለሁ ያንን ሳቅ፣ ጨረታ መሃል ከሁለት መቶ ሰው በላይ የሚሰማ ነው። ሺጌኦ ዕቅዱን አፉ ላይ ይዞ ሊያፍነው ይታገላል። ጌንታ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ኮቶኔ ሳቀች። ኮቶኔ! ከዚያ እኔ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ጎኔን ይዤ፣ ዝሆኑን ታቅፌ ሳቅሁ።

መናገር ስችል ለልጆቹ አጎነበስኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይናችሁ ዝሆን እያየ ለእኔ ስትሉ ኦክቶፐስ አላችሁ። ከእንግዲህ ያያችሁትን በሉ።» ለእንግዶቹም አጎነበስኩና ካርዶቹን በሁሉም ፊት በወዝኳቸው። «ቀጥሎ የሚመጣው ለእኔም ምስጢር ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ወደብ ሆነ። ነብሩን አንበሳ አሉት፣ ድቡን ምንጣፍ አሉት። ጌንታ ቀዳዳዋ ውስጥ ዓይኑን ሊከት ነበር። ቀጥሎ አንድ ነጭና ሹል ነገር መጣ።

«ሮኬት!»

«ሽንኩርት!»

«የአያቴ የውስጥ ሱሪ!»

ገፈፍኩት፣ ፂም ያለው ኢካ። የሺጌኦ ካርድ። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ጌንታም «ሴንሴይ፣ ኢካ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለኝ።

ዕቅዱ ላይ የለም። እኔም አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆች ፊት ያልተናገርኩት ቃል ቢኖር ይህ ነው፣ እሱን ላለመናገር ስንት ሌሊት እንደተዘጋጀሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አላውቅም» አልኩ። ምንም አልሆንኩም። «እንግዶቻችንን እንጠይቅ?»

ልጆቹ ዞሩ። ሠላሳ አራት ራስ መጻፊያ ሰሌዳው ላይ ተደፋ።

«ስኩዊድ» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው። «ማክሰኞ ጠዋት በሬዲዮው የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ነበር።»

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለች ካንና።

«ባለቤቴ ነው።»

«ሴንሴይ ባል አላቸው!!!»

ዝሆኑም፣ ኢካውም፣ እንግሊዝኛውም ተረሳ። ሥርዓት ለመመለስ የነበረኝ አማራጭ አንድ ብቻ ነበር። ወንበሮቹን በክብ አስደርድሬ ኢካን ያላወቁትን እንግዶች በሙሉ ጨዋታው ውስጥ አስገባኋቸው። ደወሉ ሲደወል አንድ አረንጓዴ ስሊፐር መብራቱ ላይ ነበር።

ከሰዓት የግምገማው ስብሰባ ተደረገ። ምስጋና በሮዝ ተለጣፊ ወረቀት፣ ጥያቄ በሰማያዊ። ሰሌዳው ግማሹ ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊው ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት ጊዜ ተለማመዳችሁ?

«ዘጠኝ» አልኩ።

ከዚያ ከሌላ ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት መምህር ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «እኔ ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ነበር» አሉ። ሳቁ እየቆየ፣ እየተፈራ መጣ።

ክፍለ ጊዜውን እንዲገመግሙ የተጋበዙት አማካሪ ወይዘሮ ሙኔኦካ ግን አልሳቁም። «የመጀመሪያዎቹን ሰባት ደቂቃዎች መጥፎ ብዬ ጽፌአለሁ፣ አልሰርዘውም» አሉኝ። «ልጆቹ ካርዱን ሳይሆን የእርስዎን ፊት ነበር የሚያነቡት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ማየት እፈልጋለሁ።»

አቶ ቶኩዳ «እሳቸው በሚቀጥለው ዓመት እንኳ...» ብለው ጀመሩና እኔን አዩኝ።

አፌ ላይ የነበረው መልስ «አዎ፣ እለቃለሁ» ነው። አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ጠዋት ሾርባችንን እየጠጣን ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳህኖቹ መሃል አኖርኩት። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለበት፣ «እቀጥላለሁ» እና «እለቃለሁ»። ሺጌኦ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሂሳኤ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እኔ የማይሽ ማታ ስትገቢ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ በሩ ጋ ቁጭ ትያለሽ፣ ከዚያ መነሳት ያቅትሻል። ሥራሽ እሱ መስሎኝ ነበር። ይብቃት፣ እቤት ትምጣልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ከትናንት በስቲያ ያየኋት ሴትዮ ሌላ ናት። እሷን በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። እቤት ላስቀር የፈለግኩት የደከመችውን ነበር። ያቺን... ያቺን ማን ብዬ ነው እቤት የማስቀምጣት?»

እውነቱን ልጻፈው፣ ሌላ የሚያነበው የለም። ጉልበቴ ደህና ነው። ልጆች ፊት «አላውቅም» ማለት ፈርቼ ፍርሃቴን ጉልበት አልኩት። ያ ላጲስ በመስኮት ከበረረበት ቀን ጀምሮ መቆየት ፈልጌ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሺጌኦ ሁለት ዓመት ብቻውን ነው የተቀመጠው፣ እኔም ዕረፍት ላይ ነው እያልኩ በሩን ዘግቼበት እሄድ ነበር። መስኮቱን አየሁ ያለኝ ቀን ስቄበታለሁ።

«አንተስ?» አልኩት። «ብቻህን ነህ እኮ።»

«ነኝ» አለ።

አንድ ቃል፣ ያለ ቀልድ። አለቀስኩ። እሱም መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ ጥርት ያለ መነጽር ነበር። ከዚያ ብዕሩን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝና «እቀጥላለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

«እንግሊዝኛ ያላችሁ መቼ ነው?» አለኝ ብዕሩን ወደ ኪሱ እየመለሰ።

«ማክሰኞ። ለምን?»

«ያቺ ጯሂዋ ልጅ ትናንት ወደብ ላይ ይዛኝ፣ አባቷና የጀልባው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹የኢካው ሰውዬ፣ እኛ ክፍል መቼ ነው የሚመለሱት?› አለችኝ። ማክሰኞ አልኳት። ቃል ገብቻለሁ እንግዲህ።»

ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው እያልኩት ዓሣ ዓሣ የሚለውን ጃኬቱን ሊያጥብ ተነሳ።